መልበሻ ክፍል

ስለ አንድ የእንግሊዝ የራግቢ ቡድን የአንድ ዓመት ውድድር በኪነ ጥበብ መጽሔት ላይ ልጽፍ መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ጸሐፌ ተውኔትን ከኳስ ሜዳ ጋር ምን አገናኘው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኔ ራሴ የረባ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ በልጅነቴ የሰፈራችን ልጆች ቡድን ሲከፍሉ ሁልጊዜ በመጨረሻ የምመረጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ ሳልመረጥ ቀርቼ የጫማና የልብስ ጠባቂ የምሆን ልጅ ነበርሁ። ሆኖም ይህ የጠባቂነት ሹመት አንድ ነገር አስተምሮኛል። ጨዋታ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ከሜዳው ውጭ ነው። ልጁ ልብሱን አውልቆ ሲሰጠኝ የሚናገረውና ተመልሶ ሲቀበለኝ የሚናገረው አንድ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ሆኗል። የሆነውን ነገር ባላየውም እንኳ ከፊቱ አነበው ነበር። ኋላ ተውኔት ስጽፍ የተጠቀምሁበት ዕውቀት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ግን የስፖርት ፍቅር አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሳልከፍለው የቆየሁት አንድ ዕዳ አለብኝ። የዕዳው ባለቤት በሙያቸው የተከበሩ አንድ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። ወደ እርሳቸው ከመድረሴ በፊት አንባቢን ወደ ሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ወደ ዌክፊልድ ከተማ ወስጄ ማምጣት ይኖርብኛል፤ መንገዱ ረጅም ቢመስልም መድረሻው እዚሁ ነው።

* * *

በ1993 ዓ.ም. የቴያትር ጥበባት ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን «ዋናው ድርጊት በመድረክ ላይ የማይታይበት ተውኔት ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ደራሲው ለምን እንደ ሰወረውም አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሳገላብጥ ዴቪድ ስቶሪ የተባለ እንግሊዛዊ የጻፈው አንድ ተውኔት እጄ ገባ። ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «መልበሻ ክፍል» ማለት ነው። የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያደላናል፤ ተዋናዩ ካባ የሚደርብበትንም ክፍል፣ ተጫዋቹ ማልያ የሚያጠልቅበትንም ክፍል በአንድ ስም መልበሻ ክፍል እንላለንና።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን በሚገኘው የሮያል ኮርት ቴያትር፣ በሊንዚ አንደርሰን አዘጋጅነት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሃያ ሁለት ወንዶች ይተውኑበታል። እንደ ለመድነው ዓይነት ሴራ፣ እንደ ለመድነው ዓይነት ጀግና የለውም። በመጀመሪያው ገቢር የአንድ ራግቢ ቡድን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየገቡ፣ እየተቃለዱ፣ ልብሳቸውን ለውጠው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በሁለተኛው ጭቃ ለብሰው ለዕረፍት ይመለሳሉ፤ ኋላም ከመካከላቸው ኬንዳል የተባለው አፍንጫው ተሰብሮ፣ ዓይኑ በደም ተጋርዶ፣ በሰው ተደግፎ ይገባል። ከጨዋታው በፊት ለቤቱ ገዝቶ ለጓደኞቹ በኩራት ሲያሳይ የነበረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ዕቃ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በሦስተኛው ገቢር ይታጠባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ለብሰው ይበተናሉ። ጨዋታው ራሱ አይታይም፤ ከግድግዳው ባሻገር የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ተውኔቱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ክፍሉን የሚጠርገው ሽማግሌው ሃሪ ነው።

በዚያን ዕድሜዬ ተውኔቱን አልወደድሁትም። «ምንም የማይሆንበት ተውኔት» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ምንም የማይሆን መስሎህ ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነበር። ለጥያቄዋ መልስ ለማግኘት ወደ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

ስቶሪ የሚጽፈውን የሚያውቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በዌክፊልድ ከአንድ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ተወለደ። በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ይማር ነበር፤ የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ በባቡር ወደ ሰሜን እየተመለሰ ለሊድስ ራግቢ ቡድን ይጫወት ነበር። አንድ ሰው ሰኞ ብሩሽ ይዞ፣ ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ ተደፍቶ መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ ከሥጋው ያውቀዋል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ራሱ ስክሪፕቱን ጽፎለት፣ ያው ሊንዚ አንደርሰን አዘጋጅቶት፣ ሪቻርድ ሃሪስ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫውቶበት ፊልም ሆነ። የጨዋታው ትዕይንቶች ከተቀረጹባቸው ሜዳዎች አንዱ የዌክፊልድ ትሪኒቲ ቡድን ሜዳ፣ ቤል ቪው ነው። እኔም ከተውኔቱ ወደ ፊልሙ፣ ከፊልሙ ወደ ሜዳው፣ ከሜዳው ወደ ቡድኑ እያልሁ፣ ሳላስበው በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ገብቼ ቀረሁ።

* * *

ይህ የጨዋታ ዓይነት፣ ራግቢ ሊግ የሚባለው፣ ከሌላው ራግቢ የተለየበት ምክንያት ለእኛ ለኪነ ጥበብ ሰዎችም የሚነግረን ነገር አለ። የተለየው በእንጀራ ጉዳይ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጨዋታውን የሚያስተዳድሩት የደቡብ እንግሊዝ ባለጸጎች «ክቡር ሰው ለገንዘብ አይጫወትም» ይሉ ነበር። በሰሜን ግን ተጫዋቹ የማዕድን ቆፋሪ፣ የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜን ለመጫወት ሲል ሥራውን ከተወ የቀን ደመወዙ ይቆረጥበታል። ለባለጸጋው ክብር የሆነው ነገር ለሠራተኛው ረኀብ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1895፣ የዓድዋ ጦርነት ሊካሄድ ስድስት ወር ያህል ሲቀረው መሆኑ ነው፣ የሰሜን ቡድኖች በሃደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ በተባለ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ለባከነው የሥራ ጊዜ ማካካሻ በቀን ስድስት ሽልንግ እንዲከፈል ፈቀዱ። ዌክፊልድ ትሪኒቲ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የተጫዋቹ ቁጥር ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ሦስት ወረደ፤ ተይዞ የወደቀ ተጫዋችም ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው እንዲያሳልፍ የሚያዝዝ ደንብ ወጣ።

«ትሪኒቲ» ማለት ሥላሴ ማለት ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1873 ሲመሠረት የመሠረቱት የከተማዋ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ስለ ሆኑ ስሙ በዚያው ጸና። ለዘጠና ዓመታት ያህል የዋንጫ ውድድር እያሸነፈም እየተሸነፈም ኖረ፤ የሊጉን ሻምፒዮንነት ግን አንድም ጊዜ ሳያገኝ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሴንት ሄለንስን በድጋሚ ጨዋታ አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። የእኔ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በነሐሴ ወር ነው።

በ1967 እና 68 የውድድር ዘመን ሠላሳ ቡድኖች በአንድ ሰንጠረዥ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ሠላሳ አራት ጨዋታ አደረጉ። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። በዚህ ላይ የቻሌንጅ ዋንጫ የሚባለው ጥንታዊ ውድድር አለ። ጨዋታው በዚያን ጊዜ የሚካሄደው በክረምታቸው ነበር፤ ቅዝቃዜው ሜዳውን እንደ ድንጋይ ያደርቀው፣ ዝናቡ ደግሞ እንደ ረግረግ ያቦካው ነበር። በዚያው ዘመን፣ በታኅሣሥ 1967፣ የሊጉ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በእሑድ ቀን ተካሄዱ። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው አዲስ ደንብም በሥራ ላይ ነበር፤ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ አራት ጊዜ ብቻ ከተጣለ በኋላ ለብቻው ይዞ መቀጠል አይችልም። ጸሐፌ ተውኔት የሆነ ሰው ይህን ደንብ በቀላሉ ይረዳዋል፤ አራት ጊዜ ለመናገር ዕድል አለህ፣ በአራቱ ውስጥ የምትለውን ካላልህ ተራው የሌላው ነው። ዛሬ ቁጥሩ ስድስት ሆኗል።

ተጫዋቾቹ ፕሮፌሽናል ይባሉ እንጂ በዚያን ጊዜ ኑሯቸው በጨዋታ ብቻ አልነበረም። የሳምንቱን ቀናት በጉድጓድ፣ በፋብሪካ፣ በየሙያ ሥራቸው አሳልፈው ማታ ማታ ይለማመዳሉ። ሲያሸንፉ የሚከፈላቸው ሲሸነፉ ከሚከፈላቸው ይበልጣል። ስለዚህ አንዲት ምት ስትሳት የምትስተው ቋሚውን ብቻ አይደለም፤ የአሥራ ሦስት ቤተሰብ ገበታንም ጭምር ነው።

የቡድኑ አሠልጣኝ ኬን ትሬይል፣ አምበሉ ሃሮልድ ፖይንተን ነበሩ። ቡድኑ ውስጥ ሻርልስተን ከምትባል አንዲት የከሰል ማዕድን መንደር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታናሹ ኒል ፎክስ በዘመኑ ሁሉ 6,220 ነጥብ ያስቆጠረ፣ በጨዋታው ታሪክ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ሰው ነው። ታላቁ ዶን ፎክስ ደግሞ በጎረቤት ፌዘርስተን ሮቨርስ ቡድን አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተጫውቶ 162 ትራይ በማግባት እስከ ዛሬ የቡድኑን ክብረ ወሰን ይዟል። ትራይ ማለት ኳሷን ከግቡ መስመር አልፎ መሬት ማስነካት ነው፤ ያን ጊዜ ሦስት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ለማሳለፍ አንዲት ነጻ ምት ትሰጣለች፤ እርስዋ ደግሞ ሁለት ነጥብ ነች። ዶን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ዌክፊልድ ሲመጣ የወጣትነት ፍጥነቱ እየቀነሰ ነበርና ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት፣ ከባዱ ትከሻ ወደሚጋጭበት ቦታ ተዛወረ። የአንጋፋ ተዋናይ ዕጣም እንዲሁ ነው፤ ትናንት ፍቅረኛውን ልጅ የተጫወተ ዛሬ አባቱን ይጫወታል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1968 በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ ዌክፊልድ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስን 17 ለ10 አሸንፎ ለሁለተኛ ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ዋንጫ ገባ። ሁለተኛው ዋንጫ አንድ ሳምንት ብቻ ይርቅ ነበር።

* * *

ግንቦት 3 ቀን 1960 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ በእነርሱ ግንቦት 11 ቀን 1968፣ ቅዳሜ ነበር። በለንደን ዌምብሌይ ስታዲዮም 87,100 ተመልካች ተሰብስቧል። ተጋጣሚው በሰንጠረዡ አንደኛ የወጣው የሊድስ ቡድን ነው። ኒል ፎክስ ብሽሽቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት መሰለፍ ስላልቻለ የመምታቱ ኃላፊነት በታላቅ ወንድሙ ላይ ወደቀ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ ወርዶ ሜዳውን ኵሬ አደረገው፤ ጨዋታው ከተጀመረም በኋላ ዳግመኛ ወረደ። የሚሮጠው ሰው ይንሸራተታል፤ የሚወድቀውም እንደ ታንኳ ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። እንግሊዞች ይህን ፍጻሜ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ከውኃ ጋር በተያያዘ ቅጽል ነው።

በዚያ ውኃ ውስጥ ከሁሉም የላቀው ዶን ፎክስ ነበር። ሌሎቹ መቆም ሲያቅታቸው እርሱ ኳሷን በረጅሙ እየመታ ቡድኑን ወደፊት ያራምድ ነበር። ዌክፊልድ በመጀመሪያው አጋማሽ 7 ለ4 መራ። በሁለተኛው አጋማሽ ዳኛው ለሊድስ ክንፍ ተጫዋች ለጆን አትኪንሰን የቅጣት ትራይ ፈቀዱለት፤ ቤቭ ሪስማን ምቷን አስገብቶ ውጤቱ 9 ለ7 ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሪስማን ሌላ የቅጣት ምት አስገባ፤ 11 ለ7። ሰዉ ለመውጣት ተነሣ። በዚህ መካከል ጋዜጠኞቹ የዕለቱን ምርጥ ተጫዋች መርጠው ጨርሰው ነበር። የላንስ ቶድ ሽልማት የሚባለው ይህ ክብር ለዶን ፎክስ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። ፎክስ ራሱ ጨዋታውን እንደገና ለማስጀመር ኳሷን መታ። የሊድስ ተከላካዮች በውኃው ውስጥ ሊይዟት አልቻሉም። የዌክፊልዱ ኬን ሃርስት ደርሶ በእግሩ ወደፊት ገፋት፣ እንደገና ገፋት፣ ከቋሚዎቹ መካከል ሄዶ ወደቀባት። ትራይ! 11 ለ10። አሁን የቀረችው ያቺ ነጻ ምት ናት። ትራዩ የገባው ከቋሚዎቹ ሥር ስለ ሆነ ምቷ በቀጥታ ፊት ለፊት ነች፤ ልጆች እንኳ በባዶ ሜዳ የማይስቷት ዓይነት። ብትገባ ዌክፊልድ 12 ለ11 ያሸንፋል፤ ሁለት ዋንጫ በአንድ ሳምንት ይወስዳል።

ምስሉ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም አለ፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፎክስ ኳሷን ያቆማል። ወደ ኋላ ይራመዳል። ይመጣል። ይመታል። ኳሷ ከእግሩ ጫፍ ተንሸራታ ወደ ቀኝ፣ ከቋሚው ውጭ ትሄዳለች። እርሱም በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬቱን ይደበድባል። ወዲያው የመጨረሻው ፊሽካ ይነፋል። የቴሌቪዥኑ ዜና አስተላላፊ ኤዲ ዋሪንግ የውጤቱን ትንተና ትቶ ስለ ሰውየው አዘነ፤ ምስኪን ልጅ አለው። ፎክስ ያን ጊዜ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር።

ይህችው ምት በሌላው ወገን ደስታ ሆና እንደ ወደቀች መዘንጋት አይገባም። የሊድስ አሠልጣኝ ሮይ ፍራንሲስ የዌልስ ተወላጅ ጥቁር ነበር፤ በብሪታንያ ፕሮፌሽናል ስፖርት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ እንደ ሆነ ይነገርለታል። በተጫዋችነቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የብሪታንያ ቡድን ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ በዚያ አገር በነበረው የቀለም ልዩነት ምክንያት ሳይመረጥ ቀርቷል። በአሠልጣኝነቱ የጨዋታ ፊልም እያሳየ የሚያስተምር፣ የተጫዋቾቹን ቤተሰብ ጭምር የሚያስብ ሰው ነበር። ያ ኳስ ወደ ቀኝ ሲሄድ ለእርሱ ብዙ ነገር ተመልሶለታል። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት እውነት በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ተውኔት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከወዴት ያገኛል?

ዶን ፎክስ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያርፍ ዜና ዕረፍቱን የጻፉት ሁሉ ያቺን ምት አነሡ። 162ቱ ትራይ፣ ለአገሩ መሰለፉ፣ በውኃው ውስጥ ያደረገው ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ፣ የተቀበለው ሽልማት፣ ሁሉም በአንዲት ምት ጥላ ሥር ሆነ። እኛ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» እንላለን። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሳችንን ጭስ ለማስረዳት ነው።

* * *

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ።

በ2003 ዓ.ም. የጻፍሁት አንድ ተውኔት በራሴ አዘጋጅነት ለመድረክ በቃ። ልጁ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድበት የአንድ አባት ታሪክ ነው። አባቱን የተጫወቱት ከፍ ብዬ ያነሣኋቸው አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ስማቸው የታወቀ ሰው፣ ለእኔ ለጀማሪው ደራሲ እሺ ብለው መምጣታቸው ራሱ ውለታ ነበር። ለሦስት ወራት ከሁሉም ቀድመው ለልምምድ ይመጡ ነበር። ቃለ ተውኔቱን የሚያጠኑት በእጃቸው በትልልቅ ፊደል ገልብጠው ነው፤ ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

በመክፈቻው ምሽት አዳራሹ ሙሉ ነበር። እርሳቸውም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መድረኩን ገዙት። እኔ ራሴ የጻፍሁትን ቃል ከእርሳቸው አፍ ስሰማ እኔ የጻፍሁት አልመስልህ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። የተውኔቱ መደምደሚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አባት እንዲህ ይላል፤ «በሩን አትዝጋው ልጄ፤ የሄደ ሁሉ አይቀርም።» መጋረጃ።

ልጁ ወጣ። አባት ቆሙ። ዝምታው መጀመሪያ ውብ ነበር፤ ከዚያ ረዘመ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ቃል አስታዋሹ ሲያንሾካሹክ እስከ መካከለኛው ረድፍ ተሰማ፤ እርሳቸው ግን አልሰሙም። እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። መጋረጃው ወረደ።

በሳምንቱ የወጣው ሒስ ስለ ተውኔቱ ከጻፈው ይልቅ ስለዚያች ዝምታ የጻፈው ይበልጥ ነበር። እኔንም የቆጨኝ ይኸው ነበር። የሦስት ዓመት ድካሜን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠፉብኝ መሰለኝ። ያን ምሽት ተመልካቹ ሲወጣ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እርሳቸው ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጠው የተቀቡትን ሽበት በጥጥ ይጠርጋሉ፤ ከተቀባው ሥር የራሳቸው ሽበት ይወጣል። ወጣት ተዋናዮቹ ጥግ ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ምን እንደምላቸው አላወቅሁም። እውነቱን ልናገር፤ ያወቅሁትን ለማለት አልፈለግሁም። ከበሩ ላይ ተመለስሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሚናው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ውሳኔው የእኔ ነበር። ያስታወቅኋቸውም በሰው በኩል ነው።

እርሳቸው ከዚያ በኋላ በመድረክ ላይ አልታዩም።

ለዓመታት ይህን ነገር በልቤ ውስጥ «የሙያ ውሳኔ» በሚል ስም አስቀምጬው ኖርሁ። የፎክስን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ግን ስሙ ተቀየረ። ሰውየው በጉልበቱ ሲንበረከክ ያየሁት እርሱን አልነበረም። ከዚያም የስቶሪን ተውኔት ከመጻሕፍቴ መካከል ፈልጌ እንደገና አነበብሁት። በሃያ ዓመቴ «ምንም የማይሆንበት» ያልሁት ተውኔት ውስጥ የሚሆነው ነገር ያን ጊዜ ታየኝ። አንዱ የአንዱን ፋሻ ያስራል። አንዱ ለሌላው ፎጣ ይወረውራል። ዓይኑ የማያይለትን ኬንዳልን ደግፈው ያስገቡታል። ማንም የተዋበ ንግግር አያደርግም፤ ይቀልዳሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይዘፍናሉ። ሜዳው ላይ ሰው በውጤት ይመዘናል፤ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ግን ያ ሚዛን የለም። ስቶሪ ጨዋታውን የሰወረው ያን ክፍል እንድናይ ነው። የመምህሬ የቀይ ቀለም ጥያቄም ይኸው ነበር።

* * *

ባለፈው ዓመት ወደ እርሳቸው ቤት ሄድሁ። የሰማኒያ ዓመት አዛውንት ሆነዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንደበታቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ሴት ልጃቸው ቡና አፈላችልን። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ በሞት ስለ ተለዩን የሙያ ባልደረቦች ስንነጋገር ቆየን። እኔ ያሰብሁትን ማንሣት ስላቃተኝ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ የእጅ ስልኬን አወጣሁና የፎክስን ምስል ከፈትሁላቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ጨዋታውን አያውቁትም፤ ነገሩ ግን ወዲያው ገባቸው።

«ሳተው» አሉ።

«አዎን፤ ሳተው።»

«ከዚያስ ወዴት ገባ?»

«ወደ መልበሻ ክፍል ነው የሚገቡት።»

«ማን አብሮት ገባ?»

መልስ አልሰጠሁም። እርሳቸውም አልጠበቁም። ስልኩን መልሰው በእጄ ላይ አስቀመጡና ስኒያቸውን አነሡ። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አሉኝ፤ «እኔ ቃሉን መርሳቴን ረስቼዋለሁ። ያን ጊዜ ዓይኔም ጆሮዬም መድከም ጀምሮ ነበር፤ አውቀው ነበር፤ አልነገርሁህም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ግን በሩ ላይ መጥተህ ቆመህ ነበር። በመስተዋቱ አይቼሃለሁ።»

ይህን ያህል ዓመት ስሸሸው የኖርሁት መስተዋት ይኸው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከግማሹ በላይ ጠፋኝ። የቃል መጥፋት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አወቅሁ። እርሳቸው ሳቁ፤ ክፋት ያልነበረበት ሳቅ ነበር፤ «አስታዋሽ ይጠራልህ?» አሉኝ። ሴት ልጃቸውም ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ድረስ ከሌላ ነገር ሌላ አላነሣንም። ልሰናበታቸው ስነሣ ግን «አሁን የምትጽፈው ነገር ሽማግሌ አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። አለበት አልኋቸው። «ብዙ አታናግረው» አሉኝ።

ዌክፊልድ ትሪኒቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዌምብሌይ ተመልሶ ነበር። ከታላላቆቹ ቡድኖች ተርታ ወርዶ በሁለተኛው ዲቪዚዮን በተጫወተበት በዚያ ዓመት፣ ለታችኞቹ ቡድኖች በተዘጋጀው ውድድር ፍጻሜ ላይ ሼፊልድ ኢግልስን 50 ለ6 አሸነፈ። ዋንጫው ስሙን የወሰደው የሰሜን ሠራተኞች ስለ እንጀራቸው ከተሰበሰቡበት ዓመት፣ ከ1895 ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ወደ ትልቁ ሊግ ተመለሰ። ቡድን ዕድሜው ረጅም ስለ ሆነ መካሻ ያገኛል፤ አንድ ተጫዋች፣ አንድ ተዋናይ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ቡድን የሚክሰውን ዘመን፣ ሰውን የሚክሰው ሌላ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በጊዜው ከደረሰ።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም ለምንጽፍና ለምናዘጋጅ፣ እንዲሁም በማግስቱ ብዕር ይዘው ለሚቀመጡ ሐያስያን፣ አንድ ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። መጋረጃው ከወረደ በኋላ የሚቀረን አንድ ገቢር አለ። ተመልካች አያየውም፤ ጭብጨባም የለውም። የሚፈልገው የረቀቀ ቃል አይደለም፤ ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጎ መግባት ብቻ ነው። እኔ በዚያ ምሽት የሳትኋት ምት ይህችው ናት። ቋሚዎቹ ፊት ለፊቴ ነበሩ፤ ሜዳውም ደረቅ ነበር።